እስከ ቀበሌው ስንት እርምጃ ነው?

ወይዘሮ ሃረገወይን ከግቢያቸው ሳይወጡ ስምንት ወር አልፏቸዋል። በ1970 ዓ.ም. ኅዳር፣ ቀይ ሽብሩ በተፋፋመበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ በራቸውን ሲከፍቱ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ ደጃፋቸው ላይ ተጋድሞ አገኙ። የማያውቁት ሰው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በሩን ባዩ ቁጥር ልባቸው ልትወጣ ትደርሳለች፤ ከበረንዳው ሳይወርዱ ይመለሳሉ።

ቦሌ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ክሊኒክ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የሆነችው ትርሓስ ይህን ሰማች። ሴትዮዋ መምጣት ባይችሉም ቤታቸው ስልክ ስላለ፣ በስልክ ታክማቸው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ አልሆነላትም። ፊታቸውን ስለማታይ ይግባቸው አይግባቸው አታውቅም። ዝም ስትል «ኧረ ምን ሆንሽ? አለሽ?» እያሉ ይደነግጣሉ፤ ስትናገር ደግሞ መልሳቸው «እሺ፣ እሺ» ብቻ ነው። ብዙ ካወጣች ካወረደች በኋላ አካሄዷን ለወጠች። ማክሰኞና ዓርብ፣ ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች። ዝም ከማለቷ በፊት «አሁን እየጻፍኩ ነው» ትላቸዋለች። ፍርሃታቸውን ከአንድ እስከ አሥር በቁጥር ይነግሯታል። ከበረንዳቸው ወደ በሩ የሚራመዱትንም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይጨምራሉ።

«ዛሬ ዘጠኝ እርምጃ! ፍርሃቱ ስድስት ነው» አሏት አንድ ማክሰኞ፣ ድምፃቸው ፈካ ብሎ።

«ጎበዝ! ዓርብ አሥራ ሁለት እናደርገዋለን።»

ይኼኔ መስመሩ ቀጭ አለ፤ ቀጥሎም ሰው ሲተነፍስ ተሰማት። የሴትዮዋ ትንፋሽ አልነበረም። ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት የታጠቁ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወደ ቀበሌው ወሰዷት። እዚያ ግቢ ገብተው ያልተመለሱትን ሰዎች እያሰበች እግሯን ጎተተች።

ላጲሶ የሚባለው ካድሬ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ከደብተሩ አነበበላት። «ዘጠኝ እርምጃ፣ ዓርብ አሥራ ሁለት። እርምጃ የሚወስደው አብዮቱ ነው! እናንተ በማን ላይ ልትወስዱ ነው?»

«የእግር እርምጃ ነው ጓድ። ሕክምና ነው።»

«በስልክ? መርፌው በሽቦ ነው የሚሄደው?» ቀና ብሎ አያት። «አገርሽ የት ነው?»

«መቀሌ» አለች። ጻፈው።

«ታማሚ ናት ካልሽ ደውዪላት። አሁኑኑ መጥታ ትንገረኝ።»

«አይችሉም! በግድ ከወጡ ይብስባቸዋል።»

«ካልመጣች አንቺም ቤትሽን አታዪም።»

ስትደውል ሁለቴ ቁጥር ተሳሳተች። «ወይዘሮ ሃረገወይን፣ ትርሓስ ነኝ። ቀበሌ ነኝ። ስለ እርምጃዎቹ ሊጠይቁዎት ፈልገው... ካልቻሉ ግን...»

«እስከ ቀበሌው ስንት እርምጃ ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«አላውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ከጓሮ ካለው ክፍል የሰው ጩኸት ይመጣል፤ ድንገት ያቆማል። ሲያቆም ይብስ ነበር። ትርሓስ «ለራሴ ነፍስ ብዬ በሽተኛዬን ሸጥኳቸው» አለች በልቧ።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ሃረገወይን ግድግዳውን ተደግፈው ገቡ። አንድ እግራቸው ባዶ ነው፤ ነጠላቸው የሐምሌን ጭቃ ይጎትታል።

«ሰባት መቶ ስድሳ ሁለት» አሉ እያለከለኩ። «ፍርሃቱ አሥር ነው። ከአሥር በላይ ካለ እሱን ጻፊልኝ።» ወደ ካድሬው ዞሩ። «ደጄ ላይ ሬሳ ጥላችሁብኝ ነው የታመምኩት። ይቺ ልጅ መራመድ ነው ያስተማረችኝ፤ ሌላ የለም።»

ግድግዳውን ታክከው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ትርሓስ አለቀልን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ላጲሶ መሬት ላይ የሚንቀጠቀጡትን ሴት ትክ ብሎ አየ። ደብተሩን ዘጋው። «ይዘሻት ውጪ» አላት። «ስልኩ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።»

በዝናቡ ተደጋግፈው፣ በየአጥሩ እየቆሙ ቤት ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ትርሓስ በእግሯ ትመላለስ ጀመር። ወይዘሮ ሃረገወይንም ለአዲስ ዓመት ብቻቸውን ገበያ ወጡ።

ትርሓስ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ደንግጣ ከወንበሯ ትነሳ ነበር። ሌላ ሰው እንዲያነሳላት እየለመነች ዓመታት አለፉ።