የጨው ቤቷ አሮጊት ድምፅ

እትዬ ብርቅነሽ አሜሪካ፣ ሞንትቤሎ በሚባለው የዴንቨር ሰፈር ቤታቸው ሆነው የተናገሩት ኤርፖርቱ ድረስ ይሰማል ቢባል ውሸት ነው፤ ቢሆንም ትልቅ ውሸት አይደለም። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ኤርፖርት ውስጥ አቅም ያነሳቸውን መንገደኞች በዊልቼር ይገፋሉ። «ኤክስኪዩዝ ሚ!» ያሉ እንደሆነ ያ ሁሉ ሕዝብ ለሁለት ይከፈላል፤ ፖሊሱ ሳይቀር ዘወር ብሎ ያሳልፋቸዋል። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ሻካራ ነው። ስልክ ሲያነሱ «ጋሼ፣ እባክዎ እትዬ ብርቅነሽን ያቅርቡልኝ» የሚላቸው ሞልቷል። እሳቸው ታዲያ አንድ ቀን አፍረውበት አያውቁም። «የሰጠኝ እሱ ነው፤ ቅሬታ ያለው ለሱ ያቅርብ» ይላሉ።

በዚሁ ድምፅ ደግሞ ይመርቃሉ። ጎረቤት ከተማ አውሮራ ውስጥ ሠርግ ሲኖር፣ ሴንቴኒያል ከተማ ቤት የገዛ ሰው ሲኖር፣ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ሲኖር፣ የሚጠሩት እትዬ ብርቅነሽ ናቸው። እሳቸው ባሉበት ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌዎች እንኳ «እሳቸው እያሉ እኛ ምን አፍ አለን» ብለው ቁጭ ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ምርቃታቸውን የማያገኝ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የገዛ ልጃቸው ኤሊያስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሊያስ ፋርማሲ ይማር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋረጠና ዴንቨር ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን ጀርባ፣ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ቀጂ ሆኖ ተቀጠረ። የጃፓን ካርቱንና ጌም እየመጣ ጃፓንኛው ወጥቶ እንግሊዝኛ የሚገባበት ቤት ነው። እትዬ ብርቅነሽ ይህን የሰሙ ቀን ጉድ ፈላ! «መድኃኒት ትቀምማለህ ብዬ ስጠብቅ ለካርቱን አፍ ልታበጅ? ላም አለኝ በሰማይ! በል እንግዲህ፣ እኔ የምመርቀው ቁም ነገር የያዘ ሰው ነው። ምርቃት ከፈለግህ ከሌላ ፈልግ» አሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ተናገሩ፣ አበቃ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ኤሊያስ ግን እናቱ ቤት መምጣቱን አልተወም። በረዶ ሲጥል ደጃቸውን ይጠርጋል፤ የመኪናቸውን ዘይት ይቀይራል። እሳቸውም «ብላ እንጂ፣ ከሳህብኝ እኮ» እያሉ በእጃቸው ያጎርሱታል። ዓመት በዓል ሲመጣ ነው ጉዱ። የዘመድ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ እየተሰለፈ ጉልበታቸውን ስሞ ሲመረቅ፣ እሱ ጋ ሲደርሱ ዝም። ጉንጩን ሳም አድርገው ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋሉ። የአብሮ አደጉ የመስፍን ሠርግ ቀንማ፣ ሙሽራውን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲመርቁ፣ ኤሊያስ ሳህኑን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ ያይ ነበር። እትዬ ብርቅነሽ አዩት። ግን እልህ ክፉ ነው፤ ያሉትን መልሶ መዋጥ አልሆነላቸውም።

ፍረዱባቸው፣ ግድ የለም። እኔም ፈርጄባቸዋለሁ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኤሊያስ ደጁን ጠርጎ ገባና ጓንቱን እያወለቀ፣ «እማዬ፣ ድምፅሽን ፈልጌ ነበር» አላቸው።

«ድምፄን? የት ልትወስደው?»

«ስቱዲዮ። ሲሪየስ ነኝ።»

የጃፓን ጌም ነው፤ «የጨው ቤት» ይባላል። እዚያው አገሩ እንኳ ስንት ሰው እንደሚያውቀው እንጃ። ደሴት ላይ የተተወ የጨው መጋዘን አለ። አንድ ትንሽ ልጅ የጠፋች እህቱን ፍለጋ ይገባል። ውስጡ የአንዲት አሮጊት መንፈስ ተቀምጣለች፤ ልጁን ባየችው ቁጥር ማንም በማያውቀው ቋንቋ ትረግመዋለች። ለዚህች አሮጊት ሦስት ተዋናዮች ተሞክረው ነበር። ከራሳቸው እየፈጠሩ ቀባጠሩ፤ ሳቅ ሆነ እንጂ ማንንም አላስፈራም። የስቱዲዮው ዳይሬክተር ግራ ሲገባው ኤሊያስ «እናቴ አለች» አለው። ይህ ከተሳካ ቋሚ ሠራተኛ አደርግሃለሁ ተብሏል።

«እና ጋኔን ሁኚ ነው የምትለኝ?»

«ጋኔን አይደለችም እማዬ። የሞተች አሮጊት ናት።»

«ከሞተች ታዲያ አርፋ አትተኛም? ምን አስጮሃት!» አሉና ካፖርታቸውን አነሱ። እውነቱን ለመናገር፣ ልጃቸው በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር የለመናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እምቢ የሚሉበት አቅም አልነበራቸውም፤ ደስታቸውን ግን አላሳዩትም።

ስቱዲዮው ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል፤ ፊት ለፊት ትልቅ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ኤሊያስ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል፤ አጠገቡ ዳይሬክተሩ፣ አንድ ቀጭን ፈረንጅ፣ አለ። ኤሊያስ ማዳመጫውን በጆሯቸው ላይ እያስተካከለ ሕጉን ነገራቸው። «ቀይ መብራቱ ሲበራ ካንቺ በቀር ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ቁልፍ ተጭኜ ስናገር ደግሞ ለአንቺ ብቻ፣ በጆሮሽ ይሰማሻል። ኦኬ?»

«ኦኬ። ይህን ማይክሮፎን ግን ፈቀቅ አድርገው፤ ለሌላ ሰው ነው ያስጠጋችሁት።»

መጀመሪያ ጩኸት ተባሉ። ጮኹ። ዳይሬክተሩ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። ማቃሰት ተባሉ፤ አቃሰቱ። ቀስ ብሎ መሳቅ ሲባሉማ የሰውየው ክንድ ጠጉር ቆመ፤ እጅጌውን ሰብስቦ ለኤሊያስ አሳየው። «ይሄ ምን አላት» አሉ እትዬ ብርቅነሽ፤ «በሩ ሊዘጋበት የደረሰ መንገደኛ ይዤ ስሮጥ ከዚህ የባሰ ነው የምጮኸው።»

ከዚያ እርግማኑ መጣ። ስክሪኑ ላይ የልጁ ስዕል ወጣ። ቢበዛ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እትዬ ብርቅነሽ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ይህን ነው የምረግመው?»

«ስዕል እኮ ነው እማዬ!»

«ስዕልም ቢሆን የልጅ ስዕል ነው። የእናት እርግማን መሬት አይወድቅም። ይህ አፍ ልጅ አይረግምም፣ በቃ!»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። ኤሊያስ ላብ ላብ አለው፤ አምጥቶ ያስገባቸው እሱ ነዋ። እትዬ ብርቅነሽ የልጃቸውን ፊት አዩ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ «አብራው!» አሉ።

ቀዩ መብራት በራ። ድምፃቸውን ከሆዳቸው ሥር ጎትተው አወጡት። «እደግ!» ሲሉ መስታወቱ ነዘረ። «ተመንደግ! እንቅፋት አይምታህ! ክፉ አይንካህ! የወጣህበት ይቅናህ! አፈር ብትጨብጥ ወርቅ ይሁንልህ!» ጥርሳቸውን እያፋጩ፣ እየጎተቱ፣ እያጓሩ መረቁት። ዳይሬክተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። በዚያ ቤት አማርኛ የሚያውቀው ኤሊያስ ብቻ ነው፤ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በመዳፉ ያዘ። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ እጁ አፉ ላይ እንደቀረ ዓይኑን ወደ ማሽኑ ሰበረ።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለው ዳይሬክተሩ።

«በጣም ከባድ ነገር ነው» አለ ኤሊያስ።

ዳይሬክተሩ አውራ ጣቱን አቆመ።

ኤሊያስ እናቱን ወደ ቤት ሲመልሳቸው ሎውሪ የሚባለው ሰፈር አካባቢ የትራፊክ መብራት ያዛቸው።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ለስዕል ልጅ የሰጠሽውን እኔን ሦስት ዓመት ከለከልሽኝ።»

ቢቆጣ ጥሩ ነበር፤ ቁጣውን በቁጣ ይመልሱት ነበር። አልተቆጣም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ መኪናውን ነዳ። ልጁ እውነቱን ነው፤ ያውቁታል። «ይቅር በለኝ» ማለት ደግሞ አልለመደባቸውም።

ጌሙ ወጣ። ብዙ ሰው አልገዛውም፤ የገዛው ግን መብራት አጥፍቶ መተኛት አቃተው አሉ። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ አብራቸው ቸርች የምትሄደው ጤናዬ ከአውሮራ ደወለች።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ኧረ ምን ጉድ ነው! ልጄ ሳሎን ጌም ሲጫወት ኡኡ ብሎ ሶፋ ጀርባ ገባ። እኔ ኪችን ሆኜ ‹እደግ ተመንደግ› ሲባል እሰማለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ‹አሜን! አሜን!› እላለሁ። ለካ ቴሌቪዥኑ ነው የሚመርቀን!»

እትዬ ብርቅነሽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስልኩን ሲዘጉ ሳቁ ተዋቸው። ጤናዬ እንኳ ወጥ እያማሰለች አሜን ብላለች። የእኔ ልጅ በምን ላይ አሜን ይበል? አሉ ለራሳቸው፤ ይህን ሐሳብ ከዚያ ወዲያ ዊልቼር ሲገፉም፣ ሲያበስሉም አልለቀቃቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያ ማንም ያልገዛው ጌም ካርቱን ሆነ። ጃፓኖቹ ምን እንዳሰቡ እነሱ ያውቃሉ። ካርቱኑ ለዚያው ስቱዲዮ ተላከና ኤሊያስ ደወለ።

«ዳይሬክተሩ ካላንቺ አይሆንም ይላል።»

«ታዲያስ! ካለ እኔ ማን ሊሆንለት ኖሯል?» አሉ። ስልኩን ዘግተው ግን አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የልጃቸውን ምርቃት ዘንድሮ ካላሉት መቼም አይሉትም። በሰው ፊት፣ በራሳቸው ድምፅ አይሆንላቸውም፤ ይህን ያውቁታል። አሮጊቷን ተከልለው ግን ይሆንላቸዋል። ከሥራ ፈቃድ ጠየቁ፤ ቆርጠው ሄዱ።

የመጨረሻው ክፍል ላይ አሮጊቷ አርባ ሰከንድ ሙሉ ትናገራለች። ካርቱን ሲሆን ቃሉ ከተሳለው አፍ ጋር መግጠም ነበረበት፤ ደግነቱ የአሮጊቷ ፊት በጠጉሯ ተሸፍኗል። «የፈለጉትን ይበሉ፣ ብቻ ያስፈራ» አለ ዳይሬክተሩ።

እትዬ ብርቅነሽ ማዳመጫቸውን አጠለቁ። ከዚያ ለስክሪኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መስታወቱ ዞሩ።

«እማዬ፣ ስክሪኑን እዪ እንጂ!»

«አየሁት። አብራው።»

በራ።

«ኤሊያስ!» አሉ፣ በአሮጊቷ ድምፅ። ኤሊያስ ከማሽኑ ቀና አለ። «ኤሊያስ፣ የሆዴ ፍሬ! የከለከልኩህን እንካ! የመረጥከው ሥራ ይባረክልህ! ጆሮህ አይድከም፣ እጅህ አይዛል! እኔ ፊት ነሳሁህ፤ ሰው ሁሉ ፊት ይስጥህ! የዘጋሁብህን እሱ ይክፈትልህ! ወልደህ ለመሳም ያብቃህ! ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ!»

አርባው ሰከንድ አለቀ። ስክሪኑ ጨለመ። ቀዩ መብራት ግን አልጠፋም፤ የሚያጠፋው ሰው ማጥፋቱን ረስቷል። ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሕጉ ነው። እትዬ ብርቅነሽ ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ተቀባይ ያላገኘ ምርቃት አየር ላይ ይቀራል። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ። ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አሜን በላ!» ብለው አጓሩ።

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ዘለለ። ኋላ ይህንንም ጩኸት ሳይቆርጥ ካርቱኑ ውስጥ ትቶታል፤ የሚያዩት ሕፃናት ከሁሉ ይበልጥ የሚሸሹት እዚህ ጋ ነው። ኤሊያስ በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠርጎ ቁልፉን ተጫነ። ድምፁ በማዳመጫው በኩል ቀጥኖ፣ ተቆራርጦ ደረሳቸው።

«አሜን፣ እማዬ።»

ከመስታወቱ ወዲያ ዳይሬክተሩ አጨበጨበ፤ ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን አቆመላቸው፤ የኤሊያስን ትከሻ መታ መታ አደረገና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። እትዬ ብርቅነሽ ማዳመጫውን ሊያወልቁ እጃቸውን ሲያነሱ የኤሊያስ ድምፅ እንደገና መጣ።

«እማዬ... ዳይሬክተሩ አንዴ ድገሚው ይላል።»

ባዶውን ወንበር አዩ። ሰውየው ወጥቶ በሩ ከኋላው ሲዘጋ በዓይናቸው አይተዋል።

«እንዴት አድርጌ ይላል?» አሉ።

«በራስሽ ድምፅ።»

እትዬ ብርቅነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉና ቀስ ብለው፣ «ኤሊያስ ልጄ» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ።