ምስክር ያጣች ጨረቃ

አሊዩ አምባ ላይ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። የአንኮበር ተራሮች ምዕራቡን ስለሚጋርዱት፣ ሌላው አገር ገና በብርሃን ሲገበያይ አምባው ጥላ ውስጥ ገብቶ ኩራዝ ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ አዲስ ጨረቃን ከደጁ ሆኖ ያየ ሰው የለም። ለማየት ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ መውጣት ያስፈልጋል፤ ከዚያም ቢሆን የምትታየው በሁለት ተራሮች መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ መንደሩ ዓይን ይወክላል። ረመዳን ሲገባና ሲወጣ አንድ የታመነ ሰው ጉብታው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ «አይቻለሁ» ይላል። ክርክር የለም።

ይህ ውክልና ለሸማኔው ለአብዱልጀሊል ከአባቱ የወረደ ነው። በአባቱ ዘመን አንድ ችኩል ጎረምሳ የደመና ቅዳጅ አይቶ «ያቻት!» ብሎ ጮኸና አገሩ ሁሉ ጾሙን ፈታ። እውነተኛዋ ጨረቃ የወጣችው በማግስቱ ነበር። ያችን የተበላች ቀን ሕዝቡ በኋላ እያጉረመረመ ጾሞ ከፈላት። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠበቀ፤ ምስክሩ ሳይናገር ማንም አይናገርም፣ ጣትም አይቀስርም።

ችግሩ፣ የአብዱልጀሊል ዓይን ከድቶታል። መጀመሪያ ድር ሲበጠስበት በጣቱ እየዳሰሰ መቀጠል ጀመረ። ቀጥሎ ጥለት መሥራቱን ተወና ጋቢ ብቻ ይሸምን ገባ፤ ለጠየቀው ሁሉ «ጥለት የሚገዛ ጠፋ» ይላል። የዓይኑ ሞራ እያደር ነጣ፤ ሰው ፊቱ ሲቆም ጥላውን እንጂ መልኩን አያይም። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ነሲባ ብቻ ነበረች።

ቢናገር ኖሮ የሚነቅፈው አልነበረም። ግን ሸማኔ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ሸማውን እንጂ ሸማኔውን የሚያከብር ጥቂት ነው። ድግስ ላይ ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ግን ባለ ሱቁም፣ የድሮው ባለመሬትም፣ ዓሊሙም ቆመው የሱን አፍ ይጠብቃሉ። ያችን መተው አቃተው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማን ቢሆን ይተዋታል?

በዚህ መሐል ሬዲዮ መጣች። የእህቱ ልጅ ዓወል ደብረ ብርሃን በርበሬ ሸጦ ሲመለስ ለነሲባ አንዲት ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ይዞላት መጣ። ሻይ ቤቱም ትልቁን ገዛ። ከዚያ በፊት መንደሩ ውስጥ ሙግት የሚቆረጠው «ወላሂ» በማለት ነበር፤ አሁን «በሬዲዮ ሰምቻለሁ» በማለት ሆነ። ሬዲዮው በመሐል አገር ዝናብ ይጥላል ያለ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ሴቶቹ በርበሬያቸውን ከስጥ ያነሣሉ። ዝናቡ ሳይመጣ ሲቀር «ሬዲዮው ዋሸ» ያለ የለም፤ «ተሻግሮ ሌላ ቦታ ጣለ» ይባላል። አብዮቱ ዒድን የሕዝብ በዓል ካደረገው ወዲህ ደግሞ የጨረቃዋም ነገር ምሽት ዜና ላይ ይነገር ጀመር።

በአንድ ጭጋጋማ ክረምት አብዱልጀሊል ከጉብታው ባዶውን ወርዶ፣ ምን እንደሚል ጨንቆት ቤቱ ሲገባ፣ ነሲባ «ታየች አሉ» አለችው። ተመልሶ ወጣና መስጊድ ሄዶ «አይቻለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮዋን ከጋቢው ሥር ደብቆ ይዟት ይወጣ ጀመር። ጨረቃዋ ከገባች ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ዜናው ሲያበቃ፣ ተረጋግቶ ይወርዳል። ለምን እንደሚዘገይ ሲጠይቁት «እላይ ሰግጄ ነው» ይላል። ውሸት ሲጀመር ትንሽ ሶላት ያስፈልገዋል።

ቃሉ ከሬዲዮው ጋር አንድም ቀን ሳይለያይ በመቅረቱ ስሙ ገነነ። «አዲስ አበባም የሚያየው አብዱልጀሊል ካየ በኋላ ነው» ይሉ ነበር። ዝናው ከቀበሌው ጸሐፊ ጆሮ ደረሰ። ጸሐፊው ታመነ የሚባል፣ ከእነዋሪ ተዛውሮ የመጣ ክርስቲያን ሲሆን፣ ደግ ግን የሰው ነገር የሚጥመው ወጣት ነበር። ረመዳን በግንቦት ባለቀበት ዓመት «ጋሽ አብዱልጀሊል፣ ዘንድሮ አብሬዎት ወጥቼ ማየት አለብኝ» አለው። እሱን የሰማ ሁሉ «እኛስ?» አለ። እምቢ ማለት አይቻልም።

«ሬዲዮዋን እኔ ጋ ተዋት» አለች ነሲባ፣ የሬዲዮዋን ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አስጥታ እንዲጠነክሩ እያገላበጠች። «ታየች ካለ ግቢው ውስጥ የማሽላ አገዳ እለኩሳለሁ። እሳት ይታይሃል?»

«እሳትስ ይታየኛል።»

«ካልነደደስ?»

«ካልነደደ አልታየችም ማለት ነዋ።»

በሃያ ዘጠነኛው ቀን አመሻሽ ላይ ወንዶቹ ጉብታው ላይ ወጡ። ባሏ የሞተባትና በቅርቡ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው የአብዱልጀሊል ልጅ አፊፋም ውሃና ተምር ይዛ ተከተለች። አፈጠሩ፣ ሰገዱ። ሰማዩ አንድ ጉድፍ አልነበረበትም። መግሪብን ሰግደው ቀና ሲሉ ጨረቃዋ በክፍተቷ መሐል ነበረች። ቀጭን፣ ጥርት ያለች። ሁሉም አያት። ደንብ ነውና ማንም አልተነፈሰም፤ ዞር ብለው አብዱልጀሊልን ጠበቁ።

አብዱልጀሊል ጀርባውን ለጨረቃዋ ሰጥቶ ቁልቁል መንደሩን ያይ ነበር።

ሰዎቹ ተያዩ። አንዳንዱ ጥበብ ነው ብሎ አሰበ፤ አዋቂ አንዴ ካየ ደግሞ ማየት አያስፈልገውም። ጨረቃዋ ዝቅ እያለች ሄደች፣ ተራራው ዋጣት። ጨለመ። አብዱልጀሊል አሁንም ወደ ታች ያያል። ሰው ሁሉ ጸጥ ማለቱ ደስ ብሎታል፤ ክብር መስሎታል። የዜናው ሰዓት አለፈ፤ የማሽላ አገዳው አልነደደም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አልታየችም» አለ። «ነገም እንጾማለን።»

ዓወል አንድ ጊዜ ሳል አለው። በዝምታ ወረዱ። መንደር ሲደርሱ የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ያንኑ ቃል ይደግም ነበር፦ ጨረቃ አልታየችም፣ ረመዳን ሠላሳ ይሞላል። ያኔ ሁሉም እፎይ አለ። ጨዋታም ተመለሰ። «ሱብሐነላህ፣ ዓይን እኮ ያታልላል!» አለ አንዱ። «በባዶ ሆድ ምን የማይታይ አለ?» አለ ሌላው። ታመነ ብቻ እያሰበ ወደ ቤቱ ሄደ።

አፊፋ እቤት ገብታ የአባቷን እግር ልታጥብ ውሃ አቀረበች። እጇ ግን ሥራ ፈታ።

«አባዬ፣ ያች በክፍተቷ የነበረችው ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«የጥፍር ቁራጭ የመሰለችው። ሁላችንም አየናት እኮ። አንተ ግን ወደ ታች ታይ ነበር።»

አብዱልጀሊል እግሩ ውሃው ውስጥ እንዳለ ደነዘዘ። ነሲባ ከምድጃው አጠገብ አቀረቀረች፤ አፊፋ ያባቷን ዓይን፣ ቀጥሎ የናቷን ፊት አየችና ነገሩ ገባት። ማልቀስ ሲዳዳት «ዝም በይ» አላት በለሆሳስ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። እንዲያውም እንደ ዛሬ ማታ ከብሮ አያውቅም፤ መንደሩ በዓይኑ ያየውን ሬዲዮውና እሱ አስክደውታል። ግን የጾሙ ተከታይ ወር ሸዋል ከገባ ነገ ዒድ ነው፣ የዒድን ቀን መጾም ደግሞ ሐራም ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እርጉዟ፣ ሽማግሌው፣ በሱ ቃል ሐራም ሊሠራ ነው። ፈራ። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። እግሩን ሳያደርቅ ተነሣና «እጄን ያዥኝ» አላት አፊፋን። በሰው ፊት እጁን ተይዞ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጀመዓው ለረመዳን የማታ ሶላት፣ ለተራዊህ፣ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ነበር።

«ጀመዓ፣ ስሙኝ» አለ። «ዓይኔ ከጠፋ ቆየ። እነዚህን ዓመታት ጨረቃ ያየሁላችሁ እኔ አይደለሁም፣ የነሲባ ሬዲዮ ናት። ዛሬም ስጠብቅ የነበረው የሬዲዮዋን ወሬ ነው። ዓይን ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ሁለት ሰው ‹አይቻለሁ› ይበል፣ ይበቃል። ነገ ዒድ ነው።»

«እኔ አይቻለሁ» አለች አፊፋ።

«የሴት ምስክርነት ብቻውን አይሆንም» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ወንዶች ይናገሩ።»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አብዱልጀሊል ድምፁን ወደሰማበት አቅጣጫ ዞሮ «ዓወል፣ አንተስ?» አለ።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር አይቻለሁ» አለ ዓወል። «ግን ሬዲዮው አልታየችም ካለ፣ እኔ ማን ነኝና?»

ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ላይ፣ «እኔ አይቻታለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። ታመነ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ወጥቷል። «በሁለቱ ዓይኔ! አዲስ አበባ ደመና ኖሮ ይሆናላ!» ካለ በኋላ ምን እንደተናገረ ታወቀውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለነገሩ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አልቆጠርም። ሬዲዮ ተቃወመ ብላችሁም እንዳታወሩብኝ፣ አደራ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አዝነው የአብዱልጀሊልን ትከሻ ያዙ።

«ደክሞሃል፣ ሂድና እረፍ። አንተም አልታየችም ብለሃል፣ ሬዲዮውም አልታየችም ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?»

«ዓይኔ ጠፍቷል እኮ እያልኩ ነው!»

«ቢጠፋም ከሬዲዮው ጋር ገጥሟል።»

በማግስቱ መንደሩ ጾመ። አብዱልጀሊል ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ በጠራራ ፀሐይ ገንፎ በላ። አፊፋ ከጎኑ ሆና አብራው በላች። ነሲባ ገንፎውን አገነፋችላቸው እንጂ አልቀመሰችም፤ በገዛ ጆሮዋ የሰማችውን እንዴት ትካድ? አላፊ አግዳሚው ፊቱን አዞረ። አብዱልጀሊል አፈረ፣ ግን ገንፎው ጣመው። ባለ ዓይኑ ሁሉ በጾመበት ቀን ዒድን የዋለ አንድ ዕውር ነው።

በነጋታው ሬዲዮው ዒድ አለና ሁሉም ሊጠይቀው መጣ። የተቀየመ የለም። ዓወል አዳዲስ የሬዲዮ ድንጋይ በስጦታ ይዞ መጣ። «ለሚመጣው ረመዳን እንዳይቸግርህ፣ አጎቴ። ከእንግዲህ ጉብታ መውጣትም አያስፈልግህ፤ እቤትህ ሆነህ ሰምተህ ንገረን» አለው። ከልቡ ነበር። አብዱልጀሊል ድንጋዮቹን በእጁ መዝኖ ለነሲባ አቀበላት።

በተከታዩ ዓመት ማንም ወደ ጉብታው አልወጣም። የሻይ ቤቱ በረንዳ ሞልቶ ነበር። አብዱልጀሊል ግን የአፊፋን እጅ ይዞ፣ ሣር ባበቀለው መንገድ እየተደናቀፈ ወጣ። ሰገዱና ወደ ክፍተቷ ዞረው ተቀመጡ።

«አለች?» አለ።

«አለች፣ አባዬ።»

«በደንብ እይ።»

«አለች። ጫፏ ወደ አንኮበር ዘንበል ብሏል።»

አብዱልጀሊል ተነሥቶ ቆመ፤ ልብሱን አስተካከለ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«አይቻለሁ» አለ።

ታች መንደሩ ገና የዜናውን ሰዓት ይጠብቅ ነበር።