የእማማ ወለተማርያም ግራ ዓይን

ሠዓሊዋ ሔራን አራት ወር ሙሉ የበላችው አልተስማማትም፤ የተኛችው እንቅልፍም እንቅልፍ አልሆነላትም። ቀበና በተከራየቻት አንድ ክፍል ውስጥ ከሸራው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሸራው ስትመላለስ ሊሾው መሃሉ ላይ መንገድ አውጥቷል።

የጥንቶቹ የአውሮፓ ሠዓሊዎች እንደሚያደርጉት የአንዲት አሮጊት ፊት ከጨለማ ውስጥ በመስኮት ብርሃን ቀስ እያለ ሲወጣ ልታሳይ ፈልጋለች። እነዚያ ሰዎች ቀለሙን በተልባ ዘይት እያቀጠኑ፣ አንዱ ሽፋን ካልደረቀ ሌላውን አይደርቡም ነበር። እሷም እንደ እነሱ ካልሆንኩ ብላ፣ በዚህ ክረምት አንዷ ሽፋን እስክትደርቅ ሳምንት ትጠብቃለች፤ ስትጠብቅም ጥፍሯን ትበላለች።

አሮጊቷ እማማ ወለተማርያም ናቸው። አርባ ዓመት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ትተው እዚያው አቀበቱ ላይ ይኖራሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሔራን ቤት ይመጡና፣ እሷ እንዳስቀመጠቻቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ንቅንቅ አይሉም። ሥዕሉን ግን አላዩትም። ሔራን ያላለቀ ሥራ አታሳይም፤ ኩራቷ ነው፣ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሥዕሉ ረቡዕ አለቀ። ዓርብ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት መገናኛ ያለው አዳራሽ ከደረሰ እዚያ የሚከፈተው ዐውደ ርዕይ ላይ ይሰቀላል። ለዚህ ዕድል ስድስት ዓመት ደጅ ጠንታለች። እማማን ጠርታ ሸራውን አዞረችላቸው። እሳቸውም ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በዚያኛው በኩል ነው፣ እማማ። በጎን ነው የሣልኩዎት።»

«በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው። ምን አደረግሁሽ፣ ልጄ?»

ሔራን ክው አለች። ቤተ ክርስቲያን እየሳመች ያደገች ልጅ፣ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ከሓዲ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ጠፍቷት አይደለም። የፈረንጅ መጻሕፍት ስታገላብጥ ከልቧ ወጥቶባት ነው።

«ከዐውደ ርዕዩ በኋላ ሌላ እሠራልዎታለሁ» አለች።

«እስከዚያ የሚያየኝ ሰውስ?» እማማ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ግራ ዓይኔ የጠፋ ስለሆነ አሳፍሮሽ እንደሆነ ንገሪኝ። ጭራሮ ስለቅም የባሕር ዛፍ ጫፍ ወግቶኝ ነው። ሰርቄ አይደለም ያጠፋሁት።»

ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ሐሙስን ስትቀመጥ ስትነሳ ዋለች። እውነቱን ለመናገር አሳፍሯት ነበር። መስኮቱም፣ ብርሃኑም፣ የጥንቶቹ ሠዓሊዎችም ሰበብ ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ እማማ ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ያቺን ዓይን ላለማየት ትከሻቸውን ይዛ ያዞረቻቸው ራሷ ናት። ይህ ትዝ ሲላት ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ዓርብ ጠዋት ቢላዋ አነሳች። የአራት ወር ፊት በግማሽ ሰዓት ተፍቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። አዲሱን ልትጀምር ብሩሿን ነክራ ግን ቀጥ አለች። የእማማን ሽበት አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ ያቺ ዓይን ነጭ ትሁን ግራጫ፣ ክፍት ትሁን ክድን፣ አታውቅም።

ሸራውን በላስቲክ ጠቅልላ ወጣች። አንድ ታክሲ «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ አጠገቧ ቆመ፤ አሳለፈችው። ወደ ላይ የሚሄደውን ያዘች፤ መንገዱ ሲያልቅ የእንጦጦን ጭቃ በእግሯ ተያያዘችው።

እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሔራን ላስቲኩን ገልጣ የተፋቀውን ፊት አሳየቻቸው።

«ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? አዳራሹስ?»

«ይቅር» አለች።

እማማ ሰፌዱን ወዲያ አደረጉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ልማዳቸው በጎን ዞረው ተቀመጡ።

«እንደሱ አይደለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ወደየት ልይ?»

«ወደ እኔ ይዩ።»

እማማ ዞሩ። ሔራንም ያቺን ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት። ግራጫ ነበረች፤ ክፍትም ነበረች።