የፀጉር አስተካካዩ ፊት

«ፊትህን ይዘህ ውጣልኝ» አለ አሠልጣኙ፣ ፀጉር አስተካካዩን በክንዱ ይዞ ወደ በሩ እየመራው።

«መምህር፣ ምን አደረግኩ? ትንፍሽ አላልኩም እኮ!»

«አፍህማ መቼ አስቸገረን።»

የመጨረሻው ዙር ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አዳራሹ ውስጥ አርባ የቼዝ ሰሌዳ ተደርድሯል። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ተቀምጣ ወታደሮቿን አንድ በአንድ በጣቷ ታቃናለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የፀጉር ቤቱ ደንበኞች «ጉንዳን» ይሏታል፤ ከራሷ የሚበልጥ ነገር ተሸክማ ዝም ብላ ስለምትሄድ።

ጨዋታውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ። በሰባት ዓመቷ አሸነፈችው። በስምንት ዓመቷ እያዘነችለት አልፎ አልፎ ትሸነፍለት ጀመር። በዘጠኝ ዓመቷ፣ ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ፀጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ ሰሌዳውን ሲያይ ግማሽ ራሱ ሳይቆረጥ ተነሣ። አሠልጣኟ የሆነው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለአባትየው የቀረችው ድርሻ የአዳራሽ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ናት። ልጅቷ አንድ ጠጠር ባንቀሳቀሰች ቁጥር ቀና ብላ ታየዋለች። ያያታል። ለዚያች ቅጽበት ሲል ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆማል፤ እግሩ ያብጣል፤ ደንበኞቹ ጎረቤት ሄደው ይቆረጣሉ።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ወር ነው። ልጅቷ በአንድ ወሳኝ ጨዋታ ግንቧን አንሥታ ተጋጣሚዋ የሚበላበት ቦታ ላይ ቁጭ አደረገችው። የደንበኛ ጆሮ ሲጭር እንኳ ፊቱ የማይለወጠው ሰውዬ፣ ያን ጊዜ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አየችው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሌለ ስሕተት ስትፈልግ ቆየች። ከዚያም ንግሥቷን ወደ ኋላ መለሰችና ተሸነፈች።

መምህሩ በኋላ ጠጠሮቹን ደርድሮ አሳየው። «ይሄ እዚህ፣ ይሄ እዚህ፣ በሦስተኛው ንጉሡ መውጫ የለውም። ግንቡን አውቃ ነው የሰጠችው። የራሷን ጭንቅላት ትታ ያንተን ፊት አመነች።» ፀጉር አስተካካዩ በደንብ አየ። ምንም አልታየውም። ቢሆንም የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ።

አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ይለምናል። «መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ እኮ መምህር። ፊቴን አስተካክያለሁ።»

«አንተ የምታስተካክለው ፀጉር ነው። ስማኝ ወንድሜ፤ ስትደነግጥ ሦስቴ እንድትተነፍስ አስተምሬያታለሁ። ሳታስብ እንዳትነካ እጇ ላይ እንድትቀመጥ አስተምሬያታለሁ። የተሸነፈችውን ጨዋታ እዚያው ጥላው እንድትነሣ አስተምሬያታለሁ። አንተን ግን ከግድግዳው ላይ ማውረድ አቃተኝ።»

«ካላየችኝ ብትፈራስ?»

«ትፍራ። ብቻዋን ትፍራና ትልመደው። የት ልትሄድ እንደሆነ ረሳኸው?»

አልረሳውም። ዛሬ ካሸነፈች ብሔራዊው የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ትገባለች፤ አቻ መውጣት አይበቃትም። የቡድኑ ማሠልጠኛ ሌላ ከተማ ነው፤ ትምህርቷም አዳሯም እዚያው። አባቷን የምታየው በሦስት ወር አንዴ ነው። ቅጹን በራሱ እጅ ፈርሟል። ከፈረመ ወዲህ ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል፤ ያን ቀን እጁ አፉ ላይ የወጣው ለግንቡ ብቻ ፈርቶ ይሁን እንዳትሄድበትም ፈርቶ፣ እርግጠኛ አይደለም።

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት በዕድሜ የምትበልጠው ሴት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

«አንተንም አባረሩህ?» አለችው ቀና ሳትል።

«እርስዎንስ?»

«እኔ ገብቼም አላውቅ። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው፣ ባለ መነጽሩ፣ የኔ የመጨረሻ ልጅ ነው።»

ከጉንዳን ጋር የሚጫወተው እሱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አያሳስብዎትም?»

«ምኑ? እኔ እንደሆን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የማውቀው ፈረሱን ነው፤ እሱንም ጆሮ ስላለው። ልጄ ቤት ሲመጣ ‹በላህ ወይ?› እለዋለሁ፤ ያኔ መሸነፉንም ማሸነፉንም ይነግረኛል። እኔን አይቶ ምን ያገኛል?»

«እድለኛ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ከልቡ ነው ያለው።

ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። ሴትየዋ አንድ እጅጌ ጨረሰች። አዳራሹ ሞቆ ኖሮ ዳኛው በሩን ከፈተና ተመልሶ እንዳይዘጋ ወንበር አስደገፈው። ፀጉር አስተካካዩ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ሦስተኛውን ጠረጴዛ ከነልጁ አየው። አይኑን ሊመልስ ፈለገ፤ አይኑ እምቢ አለ።

እጇ ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ከፍ አለ፣ ወረደ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አብሯት ተነፈሰ። ከዚያ አንድ እጇን አውጥታ ንግሥቷን አነሣችና ከባለ መነጽሩ ወታደር ፊት ለፊት፣ በቀላሉ በምትበላበት ቦታ አስቀመጠቻት። ይሄን እሱ እንኳ ያውቃል። ንግሥት! የጨዋታ ሰዓቷን መታች።

ቀና አለች።

መጀመሪያ ያየችው ሁልጊዜ የሚቆምበትን ግድግዳ ነው። ባዶ ነው። አይኗ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ተጓዘ፤ እስከ ጥግ ሄደ፣ ጥጉን ዞረ፣ ወደ በሩ መጣ። የጠፋ ሰው የምትፈልግ ትመስላለች። ፀጉር አስተካካዩ ሳያውቀው ተነሥቶ በሩ አጠገብ ደርሶ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቢገባ ታየዋለች። እንድታየው እንዲህ የጓጓበትን ቀን አያስታውስም። በዚያች ሰዓት ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ግን እሱም አያውቅም።

ወንበሩን በእግሩ ገፋ አደረገና በሩን ሳበው።

«ውይ! በዚህ ሙቀት ልጆቹ ይቀቀሉ እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

«ነፋሱ ነው የዘጋው።»

«የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።»

«ይመጣል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጀርባውን በሩ ላይ አሳርፎ።