ለረጅሙ ወንድም የተጸለየ ጸሎት

ታረቀኝ እጮኛው ሳምራ የላከችለትን ቪዲዮ ደጋግሞ ሲያይ ምሳውን ረሳ። ሳምራ ለትምህርት ጀርመን ከሄደች ገና ዓመት አልሞላትም። ጠዋት ከባቡር ወርዳ ወደ ክፍሏ ስትሄድ መንገዱ በሰልፈኛ ተዘግቶ ጠበቃት። የቤት ኪራይ ናረብን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ማለፍ ሲያቅታት አንድ ረጅም ሰውዬ የመፈክሩን ጨርቅ ጫፍ አስያዛት፤ እሷም ያዘች። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችው።

ታረቀኝ ግን የሚያስቅ ነገር አላየበትም። ሳምራ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትጮኻለች። ሰውዬው ደግሞ ጨርቁን የሚያስተካክል መስሎ ትከሻዋን ታክኳል።

"ማነው?" ብሎ ጻፈላት።

"እኔ ምን አውቄ! ወዲያኛውን ጫፍ የያዘው ነዋ" አለችው።

ቅናት ያዘው። የሰውዬው መልክ አይደለም የከነከነው፤ መልከ መልካም መሆኑ ግን አልቀረም፣ የተረገመ! የከነከነው ጩኸቷ ነው። ይህቺ ልጅ እኮ ዲላ ሳለች በመዘምራን መሃል እንኳ ድምጿ አይለይም ነበር። "ታገቢኛለሽ?" ሲላት በአንገቷ ብቻ ነው እሺ ያለችው። እሱ ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ያ ሰውዬ አጠገቧ ቆሞ ጠገበው።

ከሰዓት በኋላ ዲላ አጠገብ ጪጩ፣ እናቷ እትዬ ገበያነሽ ቤት የሰፈር ጸሎት ነበር። ታረቀኝ የሄደው ቆርጦ ነው፤ ሰልፉንም ሰውዬውንም ይናገራል፣ "ወይ ትመለስ፣ ወይ ጋብቻው ይቅር" ይላል። ገና ሳይቀመጥ እትዬ ገበያነሽ ለእሳቸውም የደረሳቸውን ያንኑ ቪዲዮ እያለቀሱ ለሰው ሁሉ ያሳያሉ።

"አያችሁልኝ ልጄን? በፈረንጅ አገር፣ በአደባባይ፣ እጇን ዘርግታ ጌታን ስትመሰክር!"

ለእሳቸው ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ የሚጮኽ ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ጀርመንኛ የሚሰማም ቤቱ ውስጥ የለም። "ሃሌ ሉያ!" አለ ሁሉም።

ታረቀኝ አፉን ከፈተ። እትዬ ገበያነሽ ልጃቸው በሰው አገር እምነቷን እንዳትጥል ሲጾሙ የከረሙ ሴት ናቸው። ፊታቸውን አየና አፉን መልሶ ገጠመ።

"በል ጸልይላት፣ እጮኛዋ አይደለህም እንዴ?" አሉት። እዚያ ቤት ጸልይ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ተነሥቶ ለጤናዋና ለትምህርቷ ጸለየ። ሊቀመጥ ሲል እትዬ ገበያነሽ ጣታቸውን ስልኩ ላይ ተከሉ።

"ቆይ ልጄ፣ ለዚህ ረጅም ወንድምም ጸልይለት እንጂ! አታይም እንዴት እንደደገፋት?"

ታረቀኝ ጥርሱን ነከሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ዘረጋ።

"ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ወንድማችን ሚስት ስጠው። የራሱን። ከገዛ አገሩ። ዛሬውኑ!"

የመጨረሻዋን ቃል ሲል እሱ ራሱ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ወጣው።

"አሜን!" አለ ቤቱ። ከሁሉም አብልጠው የጮኹት እትዬ ገበያነሽ ናቸው።