ከግድግዳው ማዶ ያለችው ተማሪ

ኒማት ዛህራን እጇን የበሩ እጀታ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ከውስጥ ሃርፕሲኮርድ፣ ያ የፒያኖ ቅድመ አያት፣ ይሰማል። ድምፁ አልነበረም ያስደነገጣት። ክፍሉ የባልደረባዋ የሙኒር ባስታ ነው፤ ያ ቀጭን፣ ብርጭቆ በማንኪያ ሲነካ የሚመስል ድምፅ በዚህ ኮሪደር ላይ ሲንጠባጠብ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያስደነገጣት የሚጫወተው ሰው ሙኒር አለመሆኑ ነው። ሙኒር ሲጫወት ከራሱ ጋር እንደሚከራከር ሰው ነው፤ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ያጉረመርማል። ይህ ግን ሌላ እጅ ነበር። ዜማው ሊያርፍ ሲል የቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ጥቂት ይዘገያል፤ ደፍ ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ እንደሚል እንግዳ ያመነታል። ያቺን ማመንታት ኒማት ታውቃታለች። ሦስት ዓመት ታግላታለች።

ተማሪዋ ዮምና ናት።

እጀታውን ቀስ ብላ ለቀቀችው። በጠዋት የመጣችው ሰፈሯ ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ መብራት ስለጠፋበት ነበር፤ ወደ ሙኒር ክፍል የሄደችው ደግሞ ማሞቂያውን ልትዋስ። በክረምት የእስክንድርያ ማዕበል ሲነሣ ይህ የጥንት ቪላ፣ ዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያደረገው ቤት፣ ከግድግዳው ውኃ ያልባል፤ የፒያኖዎቹ ቁልፎች ያብጡና አንዱ ሲጫኑት ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል። ያለማሞቂያ ክፍሏ ገባች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፒያኖዋ ፊት ተቀመጠች።

በዩኒቨርሲቲው ኒማትን የማያውቅ የለም። አባቷ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ። አገር ለቀው የሚሄዱ ግሪኮች የተዉትን ፒያኖ በጋሪ አስጭነው ያመጡ ቀን ሰፈሩ በሙሉ አብደዋል አለ፤ የልጅቷ ጣቶች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አልፈቱም። ከዚያ ሌኒንግራድ፣ ስድስት የበረዶ ክረምት፣ ከዚያ ይህ ክፍል። ያስተማረቻቸው ልጆች ዛሬ ካይሮም ቱኒስም በርሊንም ያስተምራሉ። ሁለት ዓመት ቆይታ ጡረታ ስትወጣ የፒያኖ መምህርነት ወንበሯን ለማን እንደምታስረክብ በልቧ ከወሰነች ቆይታለች። የትራም ነጂ ልጅ የሆነችውን ዮምናን፣ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ወንበሩን እንኳ ማስተካከል የማታውቀውን ያቺን ቀጫጫ ልጅ፣ ከምንም አንስታ ነው ያሳደገቻት። ዛሬ ደግሞ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ዋና መሣሪያቸውን ለዲኑ የሚያሳውቁበት ቀን ነው።

ዮምና ለትምህርቷ አርፍዳ ገባች።

«ይቅርታ መምህር፣ ትራሙ መንገድ ላይ ቆሞብኝ ነው።»

ኒማት ቀና ብላ አየቻት። የልጅቷ ጫማ ደረቅ ነው። ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

«ተቀመጪ» አለቻት ብቻ።

ዮምና ተጫወተች። አንድም ስሕተት አልሠራችም። ኒማት እንደወትሮው «ከትከሻሽ አምጪው፣ ክብደትሽን ጣዪበት፣ አትፍሪው» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ልጅቷ የተባለችውን ሁሉ ታደርጋለች፤ የታላቅ እህቷን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ልኩም ሳይሆን፣ አስቀያሚም ሳይሆን። ይህንን ከዚህ በፊት እንዴት አላየሁትም? ብላ አሰበች፤ ወዲያውም ሐሳቡን እንደ ዝንብ አባረረችው።

እኩለ ቀን ላይ ዲኑ ዶክተር ሻውቂ በበሩ ብቅ አለ። ዕድሜው ከእሷ በብዙ ያንሳል፤ ጥሩ ቫዮሊን ይጫወት ነበር፣ ስብሰባ እስኪወርሰው ድረስ።

«ዶክቶራ፣ ከወዲሁ እንኳን ደስ አለዎት ልበል?»

«ለምኑ?»

«ለዮምና ነዋ! ከእርስዎ ወዲያ ያንን ወንበር የሚሞላ ሰው አገኘን።»

«የሙኒር ክፍልስ?»

ሻውቂ ትከሻውን ሰበቀ። «ሁለት ዓመት ያለ ተማሪ ታገስነው። ዛሬ ማንም ካልተመዘገበ ይዘጋል። ምን ላድርግ፣ ዛሬ ማን ነው ድመት ጣራ የምትቧጥጥ የሚመስል ሳጥን ተምሬ እንጀራ እበላለሁ የሚል?» ብሎ ሳቀ። ኒማት አለመሳቋን ሲያይ ሳቁን አሳጠረው። «እኔም አዝናለሁ፣ ወላሂ። ግን ክፍሉ ያስፈልገናል» ብሎ ሄደ።

ኒማት ተነሣች። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ፣ በዚህኛው ዙር ሳታመነታ፣ አጠገቧ ያለውን የሙኒርን በር ከፈተችው።

ሙኒር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በምላጭ የቁራ ላባ አገዳ እየቀረጸ ነበር። ሃርፕሲኮርድ መዶሻ የለውም፤ ቁልፉ ሲጫን እንዲህ ያለች የላባ ስንጣሪ ናት ክሩን ነካ አድርጋ የምታስጮኸው። መሣሪያውን የሠራው ራሱ ሙኒር ነው። በልጅነቱ በመነኮሳት ትምህርት ቤት ሃርሞኒየም፣ በእግር የሚነፋ ኦርጋን፣ ሲጫወት ኖሮ፣ ለአባቱ ብሎ ምሕንድስና ጀምሮ፣ በሁለተኛው ዓመት ጥሎ ቡዳፔስት ገባ። ሲመለስ አገሩ ውስጥ የተማረበትን መሣሪያ አጣው። ስለዚህ እናጢዎች ወደሚበዙባት ዱምያት ከተማ ወርዶ፣ ቁምሳጥንና አልጋ ከሚሠራው ወንድሙ ከወዲዕ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ እንጨት ሲልግ ከረመ። ወዲዕ እስከ ዛሬ «ከዚያ እንጨት ሁለት የሙሽራ ቁምሳጥን ይወጣ ነበር» ይላል።

«ተማሪዬን ወሰድክብኝ» አለችው ኒማት።

ሙኒር ምላጩን አስቀመጠ። «ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም።»

«እሺ፣ ቆመሽ ስደቢኝ። እኔ ግን ጉልበቴን ያመኛል፣ እቀመጣለሁ።»

«መቼ ነው የጀመረችው?»

«ከበጋው ዕረፍት ወዲህ። አንድ ጠዋት አንኳኩታ ገባች፤ ልንካው? አለችኝ። ምን ልበላት? አትንኪው? አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እየመጣች ትጫወታለች።»

«ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ይገባ ነበር። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል... ፈራሁሽ።»

«እኔን?»

«አንቺን የማይፈራ ማን አለ? ዲኑ ራሱ ደረጃ ላይ ሲያይሽ ሲጋራውን ኪሱ ይከታል።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። «እንድትመዘገብ ነግረሃታል?»

«እንዳትመዘገብ ነው የነገርኳት» አለ ሙኒር። ላባውን አንስቶ ወደ ብርሃን አየና መልሶ አኖረው። «ሐሙስ ወዲዕ መኪና ይዞ ይመጣል። ሳጥኑ ወደ ተወለደበት ይመለስ። ኒማት፣ በዚህ ግድግዳ በኩል ሦስት ዓመት ሰምቻችኋለሁ። አንድ መስመር ስታስደግሚያት፣ ስትጮኺባት፣ ከዚያ ደግሞ ጣቷ በርዶታል ብለሽ ሻይ ስታፈዪላት። የዚያ እጅ ድካም የማን እንደሆነ አውቃለሁ። አልወስዳትም።»

ውጭ ነፋሱ መስኮቱን ገፋ፤ ከክሮቹ አንዱ በራሱ እንደመተንፈስ አለ።

«ጎበዝ ናት?» አለች ኒማት።

«አትጠይቂኝ።»

«ጠየቅኩህ።»

ሙኒር መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጠረገው። «እኔ ዕድሜ ልኬን የፈለግኩትን ድምፅ» አለ በመጨረሻ፣ «እሷ ሳትፈልገው አገኘችው።»

ዮምና ከቪላው በስተጀርባ፣ ባሕሩ በሚታይበት ደረጃ ላይ፣ በሻርፕ ተጠቅልላ የባቄላ ሳንድዊች ይዛ ተቀምጣ ነበር። የጎረሰችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መምህሯን ስታይ ዘላ ተነሣች።

«ትራሙ ዛሬ አልቆመም» አለቻት ኒማት።

ዮምና ሳንድዊቹን በወረቀቱ ጠቀለለችው።

«ነይ።»

ሙኒር ክፍል ውስጥ ኒማት አንዲት የተሰበረች ወንበር ስባ ከመሣሪያው ጎን ተቀመጠች። «ተጫወቺልኝ» አለቻት። ዮምና ጀመረች፤ ተሳሳተች፤ እንደገና ጀመረች። እንደገናም ተሳሳተች።

«ሙኒር፣ ውጣ እስቲ፣ ልጅቷን አስፈራሃት።»

«እኔ ነኝ ያስፈራኋት?»

«ውጣ አልኩህ!»

ሙኒር እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ እያጉረመረመ ወጣ፤ ዮምናም ሳታስበው ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ወደ ትከሻዋ ወረደ፤ ከትከሻዋ ወደ ክርኗ፤ ከዚያ ተጫወተች።

ኒማት ዓይኗን ጨፈነች። ሃርፕሲኮርድ ኃይልን አያውቅም፤ ቢጫኑትም ቢዳስሱትም የሚሰጠው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ተናጋሪ የሚያደርገው መቼ እንደሚነካና መቼ እንደሚዘገይ የሚያውቅ እጅ ብቻ ነው። ያቺ የቀለበት ጣት መጣች፤ ደፉ ላይ ቆመች፤ አመነታች፤ በዚያች ማመንታት ውስጥ ዜማው ሁሉ እንደ ሰው ትንፋሽ ወሰደ። ኒማት ሦስት ዓመት ጉድለት ብላ ያሳደደችው ነገር እዚህ ቤቱ ገብቶ ተቀምጧል። ደስ አላት፤ ከፋትም፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አላወቀችም።

ዮምና ስትጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ቀና አላለችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትዎን ማየት ፈርቼ ነው መምህር። እርስዎ ሲከፋዎት ዝም ይላሉ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።»

ያኔ ኒማት ያላሰበችው ፊት መጣባት። ሲኞራ ኤልቪራ፣ በሰባት ዓመቷ የተቀበለቻት ጣሊያናዊት አስተማሪዋ። ኒማት የሌኒንግራዱን ዕድል ማግኘቷን ልትነግራት ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ በሳሕን ይዛ የሄደች ቀን፣ ሲኞራ የፒያኖውን ክዳን ዘጋች፤ «እንግዲያው ዛሬ ትምህርት የለንም» አለች፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልወጣትም። መርከቧ ስትነሣ ኒማት ወደቡ ላይ ካለው ሕዝብ መካከል የሲኞራን ሐምራዊ ባርኔጣ ስትፈልግ ዓይኗ ደከመ። ስትመለስ የሲኞራን ቤት የጥርስ ሐኪም ተከራይቶታል፤ ወዴት እንደሄደች የሚነግራት አልተገኘም።

«አሁንም ከፍቶኛል» አለች ኒማት። «አልዋሽሽም። ወንበሬን ላንቺ ብዬ ነበር፤ ትፈልጊው እንደሆነ ግን ጠይቄሽ አላውቅም። ግን ዝም አልልሽም። እንዲህ ስትጫወቺ ሰምቼ ዝም ካልኩ ጆሮዬ ምን ይሠራል?»

«መምህር...»

«አታልቅሺ፣ እንጨቱ እርጥበት አይወድም። ዓይንሽን ጥረጊና እንሂድ።»

«የት?»

«ዲኑ ጋ። አብሬሽ እሄዳለሁ። ብቻሽን ብትሄጂ ትራም ቆመብኝ ትይኛለሽ።»

ዮምና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ፣ ከዚህ ቀደም አድርጋው የማታውቀውን፣ የመምህሯን እጅ ይዛ ሳመችው። ኒማት እጇን ቶሎ ነጠቀች፤ ነጥቃ ደግሞ የልጅቷን ሻርፕ አስተካከለችላት።

ዲኑ ሻውቂ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠየቃት። «ፒያኖ ማለትሽ ነው?» «ሃርፕሲኮርድ» አለች ዮምና። ወደ ኒማት ዞረ። ኒማት «ጆሮህ ደኅና ነው ሻውቂ፤ በትክክል ሰምተሃል» አለችው። ሻውቂ መዝገቡን ስቦ ጻፈ።

ወደ ማምሻው ማዕበሉ ረገበ። ዮምና አባቷን ልትነግር ወደ ትራሙ ሮጣ ሄዳለች። ኒማት በክፍሏ ቆማ ካፖርቷን ስትቆልፍ ከግድግዳው ማዶ ሙኒር በስልክ ሲጮኽ ሰማችው፤ «አትምጣ እኮ ነው የምልህ! አይ ወዲዕ፣ ቁምሳጥን አይሆንም! ሰው አግኝቷል!» ቁልፎቿን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለች፤ ደረጃውን ልትወርድ አሰበች። እግሯ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዳት።

ሙኒር ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። ላብ ይሁን ሌላ አልጠየቀችውም። እሱም ከመሣሪያው ፊት ያለችውን ወንበር ሳበላት።

«ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ» አለ፣ «አንድ ቀን ነክተሽው አታውቂም።»

«ትልቅ እጅ ነው ያለኝ፤ እሰብርብሃለሁ።»

«ወንድሜ አልጋ ሠሪ ነው። አይሰበርም።»

ተቀመጠች። አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ድምፁ ተወርውሮ ወጣ፣ ደረቅ፣ እንደ ስድብ። ሙኒር ፊቱን አጨማደደ።

«እንደሱ አይደለም። ቀስ ብለሽ ውረጂ። መሐል ላይ አንድ ነገር ጣትሽን ይጠብቀዋል፤ ላባዋ ክሩን ያገኘችበት ቦታ ነው። እዚያ ስትደርሺ ታውቂዋለሽ።»

እንደገና ጣቷን አኖረች። ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጋች ሴት፣ ስንቱን እጅ ያቃናች፣ ትንፋሿን ይዛ ቁልፉን በቀስታ ወደ ታች ሰደደችው። ግማሽ መንገድ ላይ ቀጭን፣ ሕይወት ያለው ነገር ጣቷን ተቃወማት። ቆመች።

«እዚህ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«እዚያ ነው» አላት። «ገና አትልቀቂው።»