ሳይቆም ያለፈው ቁጥር

የኸይሩ ማረሻ ለሁለት ተሰብሮ ጠረጴዛዋ ላይ ሲወረወር፣ ሩፋይዳ ቀድማ ያየችው ብረቱን አይደለም፤ ጋሽ አልታዬን ነው። የወርክሾፑ ሽማግሌ ቀጥቃጭ መዶሻቸውን እንደያዙ ቆመዋል። አቋቋማቸው ራሱ አላማራትም።

«ይቺ አራተኛዋ ናት!» አለ ኸይሩ። ከወግዲ ድረስ በሚኒባስ ተንገላቶ የመጣ ገበሬ ነው። «ድንጋይ እንኳ አልነካች! እኛ ነገሩ ገብቶናል። ሰውየው አይቷታል።» ስም አልጠራም፤ መጥራትም አያስፈልግ። ጋሽ አልታዬ የቀጥቃጭ ዘር ናቸው፤ የቀጥቃጭ ዘር ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ይበላል ይባላል። «ሰኞ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ የመካነ ሰላም ማረሻ ሁለተኛ ወግዲ አይገባም።»

ሩፋይዳ እንኳ የተማረች ናት። ከኮምቦልቻ የምህንድስና ዲግሪዋን ይዛ መካነ ሰላም ያለውን የአባቷን ወርክሾፕ ከተረከበች ሁለት ዓመቷ ነው። በቡዳ አላምንም ትላለች፤ ካስፈለገም ትምላለች። ባለፈው ሳምንት ግን ምሳዋን ፈትታ ስትበላ ጋሽ አልታዬ ድንገት ቢገቡባት፣ እጇ ፈጥኖ ምግቡን ሸፈን አደረገው። እሳቸውም አይተዋል። አይተው ወጡ።

«የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው» ትላለች ለራሷ። ጋሽ አልታዬ ማረሻውን ቀጥቅጠው ውሃ ያጠጡታል። ውሃ የጠጣ ብረት ይጠነክራል፤ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ ምድጃ ገብቶ ቀስ ብሎ ይሞቅና ይለዝባል። ድሮ ይህን በዓይናቸው ነበር የሚሠሩት፤ ብረቱ የማር ቀለም ሲይዝ ማውጣት ነው፣ አለቀ። ከሁለት ወር በፊት ሩፋይዳ ቴርሞሜትር አስገጠመችና «ከእንግዲህ በቁጥር ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ሲል ይወጣል» አለች።

«ኢንጂነር፣ ቀለሙ ገና ገለባ ነው፤ ማር አልመሰለም» ይሏት ነበር ወደ ምድጃው አጎንብሰው።

«ቁጥሩ ደርሷል ጋሼ፤ ያውጡት።»

ያወጡታል። ታዲያ ማን አበላሸው? ዕድሜ ልኩን በዓይኑ የሠራ ሰው በቁጥር ሲተካ አይከፋውም? ተንኮል አስበው ቴርሞሜትሩን ነካክተውት ቢሆንስ? ሦስት ቀን ሙሉ በመስኮት እያጮለቀች ጠበቀቻቸው። ሲያስሉ ጠረጠረች፤ ሲስቁ ጠረጠረች፤ ውሃ ሊጠጡ ዞር ሲሉ ሮጣ ምድጃውን አየች። ምንም የለም! ምንም አለመገኘቱ ይባስ አናደዳት።

ሰኞ ማለዳ፣ ገበሬዎቹ ሳይደርሱ፣ ማስረጃ ልትይዝባቸው ተነሳች። ዘዴው ቀላል ነው። ቆርቆሮ፣ የጣራውን አይደለም፣ ያን ለስላሳ ነጭ ብረት ማለቴ ነው፣ ቀልጦ ሲረጋ ሁልጊዜ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ላይ ነው የሚረጋው። ቴርሞሜትሩን ነክሮ ማየት ነው፤ ሌላ ቁጥር ካለ ዋሽቷል። ያስገጠመችው ቀንም እንዲሁ ፈትሻው ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ቢላት፣ «አሥራ ሦስት ያጎድላል» ብላ በማስተካከያው አሥራ ሦስት ጨምራለት ነበር። አሁን ከኮምቦልቻ ያስመጣችውን አዲስ ቆርቆሮ በአዲስ ማቅለጫ አቅልጣ ጠበቀች።

ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ሁለት መቶ አርባ አምስት ላይ ቀጥ አለ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ቆርቆሮው ረግቶ እስኪያበቃ ንቅንቅ አላለም።

ሁለት መቶ አርባ አምስት? አሥራ ሦስት ትርፍ! ራሷ የጨመረቻት አሥራ ሦስት! ቴርሞሜትሩ መጀመሪያውኑ ልክ ነበር ማለት ነው።

የፊተኛውን ቆርቆሮ ከመሳቢያ አውጥታ አቀለጠች። ይሄኛው አልቆመም፤ እየረጋም ቁጥሩ ይንሸራተታል። ንጹህ ብረት ሲረጋ ቁጥሩ ቆሞ ይጠብቃል፤ ባዕድ ነገር የገባበት ግን መርጊያውን አልፎ ይወርዳል፣ ያውም ሳይቆም። ያን ቀንም መርጋት ሲጀምር ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ብሎ ሲንሸራተት አይታ ነበር። አይታ አለፈችው። ቸኩላ ነበራ! ቆርቆሮው አንሶ የቴርሞሜትሩን ጫፍ አልሸፍን ቢላት፣ ከመደርደሪያው አንድ ቁራጭ አንስታ «ያው ብረት ነው» ብላ የጨመረችው ማን ሆነና! ለሚዛን ድንጋይ መሙያ የተቀመጠ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ነበር። እሷ ሁለት መቶ ሠላሳ ስትል ማረሻዎቹ ገና ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ነበሩ። ገለባ።

«ያ ረቢ!» አለች። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ኸይሩና ሰዎቹ ሲደርሱ ጋሽ አልታዬ መዶሻቸውን በጆንያ ጠቅልለው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም ሂዱ ሳይላቸው ጠቅልለው ጨርሰዋል። ሩፋይዳ ከገበሬዎቹ ፊት ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ እርሳሱን፣ አሥራ ሦስቱን፣ «ገና ነው» ሲሏት አልሰማም ማለቷን። «ጥፋቱ የኔ ነው! እሳቸው ነግረውኝ ነበር። ማረሻዎቹን ሁሉ ደግመን እናሞቃለን።»

ኸይሩ በሐዘን አያት።

«አይ ልጄን! አንቺንም በላሽ?»

«ምን ማለትዎ ነው? እርሳስ ነው እያልኩዎት!»

«አያችሁ?» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «እያስለፈለፋት ነው። አላህ ይድረስላት።»

ሰዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሩፋይዳ ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። በነገረቻቸው ቁጥር ቡዳ የበላት ለፍላፊ ልትሆን ነው! ቦርሳዋን ከፍታ ምሳዋን አወጣች፤ የሽሮ ፍትፍት ነው። ሁሉም እያዩ ጋሽ አልታዬ ፊት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፈታችው።

«ቢስሚላህ፣ ይብሉ ጋሼ» ብላ ጎረሰች፤ ቀና ብላም ዓይናቸውን ፈለገች።

ጋሽ አልታዬ ግን ፌስታሉ ገና ሲንኮሻኮሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

«ብዪ፣ ብዪ ልጄ» አሉ እንደዞሩ። «አላይም።»